ግሉተን ካቆምኩ ወዲህ በሰውነቴ ላይ ስለታየው ለውጥ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለእናቴና ለታናሽ እህቴ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ደብዳቤዎ ምግቤን ከቀየርኩ ወዲህ በሰውነቴ ላይ ምን ለውጥ እንዳየሁ፣ እንዲሁም እህቴ እንደ እኔ ስንዴ ለማቆም መነሣቷን እንዴት እንደማየው ጠይቀውኛል። ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ስለሆኑ አንድ ላይ እመልስልዎታለሁ።

እንደ እኔ ሴሊያክ በሚባለው በሽታ የተያዘ ሰው በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ የሚገኘውን ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ሲበላ፣ የሰውነቱ መከላከያ ተቆጥቶ የራሱን ትንሹን አንጀት ይጎዳል። የአንጀቱን ውስጠኛ ግድግዳ የሸፈኑትና የተፈጨውን ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጣት መሰል አካላት እየተደፈጠጡ ይሄዳሉ፤ ሰውዬው እየበላም ሰውነቱ ይራባል። ለዚህ የታወቀ መድኃኒት ስለሌለ ሕክምናው ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው።

መጀመሪያ የለቀቀኝ የሆዴ መነፋት ነው። ከሥራ ስገባ ቀበቶዬን ሳላላላ መቀመጥ ያቅተኝ የነበርኩት ሰውዬ፣ ብዙም ሳይቆይ ጠዋት ባሰርኩበት ቀዳዳ ማምሸት ቻልኩ። ተቅማጡም እየተራራቀ ሄዶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ግን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ያልጠበቅሁት የሆድ ድርቀት መጣ። ምክንያቱን ስጠይቅ ቀላል ሆኖ አገኘሁት፤ ከግሉተን ነጻ ተብለው የሚሸጡት ዳቦዎች ብዙዎቹ ከሩዝና ከስታርች ስለሚሠሩ አሰር የላቸውም ለማለት ይቻላል። ባቄላና ምስር፣ አትክልትና ፍራፍሬ ጨምሬ ውኃም ስጠጣ ተስተካከለ።

ቀጥሎ የመጣው ረሃብ ነው። አንጀቱ መምጠጥ ሲጀምር ሰውነት የቀረበትን ሁሉ የሚጠይቅ ይመስላል፤ ፎቶግራፌን አይታችሁ ፊቴ ሞላ ያላችሁት ከዚህ የተነሣ ነው። እኔ ከስቼ ስለነበር ደስ ብሎኛል፣ ነገር ግን «ከግሉተን ነጻ» የሚል ምልክት የተለጠፈባቸው ብስኩቶች ስኳርና ቅባት የሚበዛባቸው በመሆናቸው ቀድሞም ላልከሳ ሰው ውፍረቱ ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ምልክቱን እንደ ጤና ማረጋገጫ የሚቆጥሩ ሰዎች ያናድዱኛል።

ድካሙ እንደ ሆዴ በቶሎ አልለቀቀኝም። ደም ለመሥራት የሚያስፈልገው አይረን የተባለው ማዕድን በአብዛኛው የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት መነሻ ላይ ነው፤ በሽታው ደግሞ አብዝቶ የሚጎዳው ይኸንኑ ክፍል ስለሆነ ደም ማነስ ያስከትላል። ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ስለሆነ፣ አይረኑ መግባት ከጀመረ በኋላም ደም በሳምንት አይተካም። ስለዚህ ሐኪሜ የአይረን እንክብል አዝዞልኝ ደሜን በየጊዜው ያስመረምረኛል። ወተትንም ለጊዜው ቀንሻለሁ፤ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም የሚመረተው በእነዚያ በተደፈጠጡት አካላት ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ እነርሱ ሲያገግሙ ወተቱም ብዙውን ጊዜ ይስማማል።

እርስዎ «ዳንክ ማለት ነው?» ብለው ላነሡት ጥያቄ መልሴ ገና ነው የሚል ነው። ሆድ የሚድነው በቀናት ወይም በሳምንታት ሲሆን፣ የሰውነት መከላከያ በግሉተን ምክንያት የሚያመርታቸውና በደም ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት እስኪወርዱ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል፤ የአንጀት ግድግዳ ደግሞ በሕፃናት ቶሎ ሲያገግም፣ በአዋቂ ሰው 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። እንግዲህ ደህና መሆኔ ስለተሰማኝ አንድ ቁራሽ ዳቦ አይጎዳኝም ማለት አልችልም። በቅርቡ በግብዣ ላይ የቀረበልኝ ሾርባ በስንዴ ዱቄት የወፈረ ኖሮ፣ ዱቄት የለበትም ተብዬ ጠጥቼው ማታውን ስታወክ አደርኩ። የማይታመሙም አሉ፤ አንጀታቸው ግን ያለ ምልክት ይጎዳል። ለዚህ ነው በብዙ አገሮች ከግሉተን ነጻ ለመባል በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም በላይ ግሉተን እንዳይገኝ የሚጠየቀው።

ታሪክ ስለሚወዱ ይህን ልጨምር፤ የስንዴን ጥፋት ያጋለጠው ዊለም ዲኬ የተባለ የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ዳቦ ሲጠፋ በዚህ በሽታ የታመሙ ልጆች መሻላቸውን፣ ዳቦው ሲመለስ ሕመማቸው መመለሱን አስተውሎ እ.ኤ.አ. በ1950 ጥናቱን አቀረበ።

ወደ እህቴ ልመለስ። በሽታው በዘር የሚሄድ ዝንባሌ አለው፤ ከሕመምተኛው ወላጆች፣ ልጆች፣ ወንድሞችና እህቶች መካከል ከ10 ሰው 1 ያህሉ ይገኝበታል። ስለዚህ ስጋቷ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሳትመረመር ስንዴ እንዳታቆም አደራ እላለሁ። ምርመራው የሚፈልገው ግሉተን እየተበላ ሳለ የሚመረቱትን ፀረ እንግዳ አካላት ስለሆነ፣ ካቆመች በኋላ ብትመረመር ደሟ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ እንደገና ለሳምንታት ስንዴ እየበላች እንድትታመምም ትገደዳለች። ሆዷ ስለቀለላትም ሴሊያክ አለብኝ ማለት አትችልም፤ በስንዴ ውስጥ ሆድ የሚነፋ፣ ከግሉተን የተለየ ሌላ ነገርም አለና። እንደወትሮዋ እየበላች የደም ምርመራውን ታድርግ፤ ጥርጣሬ ከተገኘ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ ከአንጀቷ ናሙና ይወሰድላታል፤ የምታቆመው ከዚያ በኋላ ነው። እርስዎና እናቴም ምንም ባይሰማችሁ አብራችኋት ደማችሁን አስመርምሩ።

ውጤቱ እንደወጣ የሦስታችሁንም ወረቀት በፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ፤ ለሐኪሜ አሳይቼ የሚለውን እጽፍልዎታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ