የማይግሬን መከላከያ ክኒን ማስታገሻ አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ጋዜጣዎ በጤና ዓምዱ ስለ ማይግሬን ያወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ሕመሙን በሚገባ ገልጾታል፤ ይሁን እንጂ በሽታውን ለመከላከል በየቀኑ ስለሚወሰዱት መድኃኒቶች የተናገረው በመጨረሻው አንቀጽ፣ ያውም በአንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሰፈር መድኃኒት ቤት ለ14 ዓመታት ያገለገልኩ ፋርማሲስት ስሆን፣ ከማይግሬን ታማሚዎች ጋር የሚያጋጥመኝ ችግር አብዛኛው ያለው በዚያች በታለፈች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነውና ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደድኩ።

የሐኪም ማዘዣው “ፕሮፕራኖሎል 40 ሚሊግራም፣ በቀን ሁለት ጊዜ” ይላል። ወረቀቱን የሚያቀብለኝ ሰው ግን የሚጠይቀኝ “ሲያመኝ ስንት ልዋጥ?” ብሎ ነው። ጥያቄው የሚያስወቅስ አይደለም፤ ራስ ምታትን የምናውቀው ሲመጣ ፓራሲታሞል በመዋጥ፣ ሲብስ ዳይክሎፌናክ በመወጋት፣ ከዚያም በፊት ምች ነው ተብሎ ዳማ ከሴ በማሽተት ነው። ሳያም የሚወሰድ የራስ ምታት መድኃኒት ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። መከላከያው ግን የተቀሰቀሰ ሕመምን አያስታግስም፤ ሥራው በወር ውስጥ ሕመሙ የሚመጣባቸውን ቀናት መቀነስና ሲመጣም ማለዘብ ነው። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ የሚያዙትም ሕመሙ በወር 4 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲመላለስ፣ አለዚያም ቀኑ ጥቂት ቢሆን እንኳ ሰውየውን ከሥራና ከኑሮ የሚያስተጓጉለው ሲሆን ነው። ውጤቱን ለመመዘን በትክክለኛው መጠን ከ2 እስከ 3 ወር መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የሕመሙ ቀናት በግማሽ ከቀነሱም መድኃኒቱ ሠርቷል ይባላል። አምስት ቀን ውጦ “አልሠራልኝም” ብሎ የሚመለስ ሰው በየሳምንቱ ይገጥመኛል፤ ይህን አስቀድሞ የነገረው ስለሌለ አልፈርድበትም።

ሌላው ግራ የሚያጋባው ነገር፣ ለዚህ አገልግሎት የምንሰጣቸው የቆዩት መድኃኒቶች ሲጀመር ለማይግሬን የተሠሩ አለመሆናቸው ነው። ፕሮፕራኖሎል የልብ መድኃኒት ነበር፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለልብ ሕመም ሲወስዱት የነበሩ ሰዎች ማይግሬናቸው እንደቀለላቸው በመናገራቸው ነው ለራስ ምታት የታሰበው። አሚትሪፕቲሊን የድብርት፣ ቶፒራሜትና ቫልፕሮኤት ደግሞ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ናቸው። አንዲት ደንበኛዬ በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ባለቤቷ አንብቦላት “የአእምሮ ሕመምተኛ አድርገውሻል” ስላላት አሚትሪፕቲሊኑን ሙሉውን ይዛ መጥታ መልሺልኝ ብላኛለች። ለማይግሬን የሚሰጠው መጠን ብዙውን ጊዜ ማታ ማታ በ10 ወይም በ25 ሚሊግራም የሚጀመር፣ ለድብርት ከሚሰጠው በእጅጉ ያነሰ መሆኑን በዚያው መስኮት ላይ ቆመን ተነጋገርን። ሐኪሙ በሁለት ደቂቃ ሊያስረዳት ይችል የነበረውን ነገር ማለቴ ነው።

ይህ መድኃኒት እንቅልፍ ያመጣል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ከመኝታ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢወሰድ የጠዋቱ ድብታ ይቀላል። ሹፌር የሆነ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት እንደሚያሳልፍ አስቀድሞ ቢያስብ መልካም ነው፤ ጠጅም ሆነ አረቄ ድብታውን ያባብሰዋል። በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት የሚቸግራቸው አረጋውያን፣ ግላኮማ (በዓይን ውስጥ ግፊት የሚጨምርበት ሕመም) ያለባቸውና የልብ ምት መዛባት ያለባቸው ሰዎች ይህንኑ ለሐኪሙ ሳይናገሩ ሊጀምሩት አይገባም። ትራማዶል የሚወስድ ሰውም እንዲሁ ይናገር፤ ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ የሚጥል ሕመም ሊያስነሱ ይችላሉና። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ሳጥኑ የሚቀመጠው በቁልፍ ነው፤ ከመጠን በላይ የተዋጠ አሚትሪፕቲሊን ልብን የሚመታ መርዝ ነው።

ወደ ፕሮፕራኖሎል ልመለስና፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ የጎረቤት ደግነት ነው። ቡና ላይ ተቀምጠው “ለእኔ ፍቱን ሆኖልኛል፣ እስቲ ሞክሪው” ብለው ከሳጥናቸው ቆጥረው የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ተቀባይዋ አስም ካለባት ይህ ክኒን የአየር ቧንቧዋን አጥብቦ ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። የልብ ምቱ ቀድሞውንም ዘገምተኛ ለሆነ ሰውም አይሆንም። ኢንሱሊን የሚወጋ የስኳር ታማሚ ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቀውን መንቀጥቀጥና የልብ ትርታ መድኃኒቱ ይደብቅበታል፤ የሚቀርለት ምልክት ላብ ነው። ስለዚህ ማዘዣ ስቀበል አስም፣ ስኳርና የልብ ሕመም መኖር አለመኖራቸውን እጠይቃለሁ፤ የሚሰለቹብኝ ደንበኞች እንዳሉም አውቃለሁ።

ማቋረጡ ደግሞ ከመጀመሩ የማይተናነስ ጥንቃቄ ይሻል። ፕሮፕራኖሎልን ለወራት የወሰደ ሰው በአንድ ቀን ቢተወው ልቡ በድንገት ከልጓሙ ይለቀቃል፤ ምቱ ይፈጥናል፣ የደም ግፊቱ ይጨምራል፣ የተደበቀ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ እስከ ድንገተኛ የልብ ጥቃት ለሚደርስ አደጋ ሊጋለጥ ይችላል። መጠኑ ሊቀነስ የሚገባው በሐኪም ምክር፣ ቢያንስ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው። በተግባር ግን ሰዎች የሚያቋርጡት በሐኪም ምክር ሳይሆን በአጋጣሚ ነው፤ ለፋሲካ ወደ ገጠር ሲሄዱ ክኒኑን ይረሱታል፣ ወይም ገበያ ላይ ይጠፋል፣ ወይም ራሳቸው ስለተሻላቸው “ከዚህ በላይ ለምን ልመረዝ” ይላሉ። ጸበል ሊጠመቁ ሲሄዱ መድኃኒቱን ቤት ጥለው የሚሄዱም ጥቂት አይደሉም። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ከጸበሉ ጋር መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን፤ ለማይግሬን ታማሚ የተለየ ምክር የሚሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ጾምም በዚሁ ይነሳል። እስከ 9 ሰዓት ያለ ምግብ መቆየት፣ በረመዳንም ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋል፣ የለመዱትን የጠዋት ቡና መተው፣ ማይግሬኑን ራሱ የሚቀሰቅሱ ነገሮች ናቸው። በቀን ሁለት ጊዜ የታዘዘ ክኒን ጠዋት ሲዘለል ደግሞ ሁለቱ ችግሮች ይደራረባሉ። ሐኪሙ የመውሰጃ ሰዓቱን ሊያስተካክል ወይም በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ዓይነት ካለ ሊቀይር ይችላል፤ ከንስሐ አባት ወይም ከኢማም ጋር መነጋገሩም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ሴቶች ጉዳይ ግን ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ማይግሬን ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን፣ ያውም በመውለጃ ዕድሜያቸው፣ ያጠቃልና። ቫልፕሮኤት በእርግዝና ወቅት ሲወሰድ ከ10 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳል፤ ከ10 ሕፃናት ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት ደግሞ በአእምሮ ዕድገታቸው ላይ ችግር ሊታይባቸው ይችላል። የሕፃኑ አከርካሪ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት፣ ማለትም እናቲቱ ማርገዟን ገና ሳታውቅ ነው። ስለሆነም ይህ መድኃኒት ለማይግሬን ሲባል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ አስተማማኝ የወሊድ መቆጣጠሪያ ለማትጠቀም ሴትም እንዲሁ። ለሚጥል በሽታ የምትወስደው ሴት ግን ይህን አንብባ በራሷ እንዳታቋርጥ፤ ሐኪሟን በአስቸኳይ ታማክር። ቶፒራሜትም የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅን ሊያስከትል ይችላል፤ መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንን ያዳክማል። እነዚህን ጥያቄዎች ከኋላዋ ሰልፍ ለቆመባት ወጣት በመስኮት በኩል ጮክ ብሎ ማቅረብ ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መድኃኒት ቤቶቻችን ሁለት ወንበር የሚያስቀምጥ የግል ማነጋገሪያ ጥግ ቢኖራቸው ምኞቴ ነው፤ ባለንብረቶቹ ግን ያችን ጥግ ለመደርደሪያ ይፈልጓታል።

መከላከያ የጀመረ ሰው ማስታገሻውን መቁጠር ይኖርበታል። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉትን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ኤርጎታሚን፣ ትሪፕታን (ሁለቱም ለማይግሬን የሚሰጡ ማስታገሻዎች ናቸው)፣ ትራማዶል ወይም የተቀላቀሉ ክኒኖችን ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚወስድ ሰው ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ይሆንበታል፤ ያን ጊዜ መከላከያውም አቅም ያጣል። የሕመሙንና የክኒኑን ቀን በግድግዳ ካሌንደር ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል፤ ለሐኪሙም ከማንኛውም ገለጻ ይልቅ ያ ካሌንደር ይጠቅመዋል። ስለ ኤርጎታሚን አንድ ነገር ልጨምር፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ፣ ከዓመታት በኋላም በአርሲ፣ በፈንገስ የተበከለ እህል የበሉ ገበሬዎች የደም ሥራቸው ተጨማዶ እጅና እግራቸው እየጠቆረ እንደተቆረጠ የሚያስታውሱ አሉ። ኤርጎታሚን የሚገኘው ከዚያው የፈንገስ ዘር ነው። በልኩ ሲወሰድ መድኃኒት ነው፤ ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ከተባሉት አንቲባዮቲኮች ወይም ሪቶናቪር ካለባቸው የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ግን ያንኑ የደም ሥር መጨማደድ ሊያመጣ ይችላል። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚላኩትም ማስታገሻዎች ከጉዳዩ ውጭ አይደሉም፤ ለምሳሌ ሪዛትሪፕታን የተባለው ፕሮፕራኖሎል ለሚወስድ ሰው በግማሽ መጠን፣ ማለትም በ5 ሚሊግራም መወሰን አለበት። ላኪው ዘመድ ይህን ሊያውቅ አይችልም።

መከላከያው የዕድሜ ልክ ቁራኛ አለመሆኑንም ታማሚዎች ቢያውቁ መልካም ነው። ሕመሙ ከ6 እስከ 12 ወር ጋብ ካለ ሐኪሙ መጠኑን እየቀነሰ ለማቆም ይሞክራል። እስከዚያው ግን በድንገት እንዳይቋረጥ፣ ታማሚው ክኒኑ ሊያልቅ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ መድኃኒት ቤት ይምጣ፤ የ40 ሚሊግራሙ ጠፍቶ የ10 ሚሊግራሙ ቢሰጠው አራቱ አንዱን እንደሚተኩ ሳይረዳ ከመስኮቱ አይሂድ።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። በመጀመሪያዎቹ የሥራ ዓመታቴ በሳጥኑ ላይ የምጽፈው እንደ ባልደረቦቼ ሁሉ “1×2” ብቻ ነበር፤ ይህን ጽሑፍ “ካመመኝ አንድ፣ ካልተሻለኝ ሁለት” ብለው የተረዱት አንድ አባት ለሁለት ወር ያህል እንደዚያው ወስደውታል። ከዚያ ወዲህ “ጠዋት 1፣ ማታ 1፣ ባያምም በየቀኑ፤ ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ፤ ለሌላ ሰው አይስጡ” ብዬ በአማርኛ እጽፋለሁ። ጽሑፉ በሳጥኑ ጎን ላይ ይበቃል፤ የሚወስደውም ግማሽ ደቂቃ ነው። ባልደረቦቼ እንዲሞክሩት፣ የጤና ዓምድዎም በሚቀጥለው እትም መከላከያ መድኃኒቶችን ብቻ የሚመለከት ሙሉ ገጽ እንዲመድብላቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ ፋርማሲስት፣ ከአዲስ አበባ