ከበረዶው ሥር ያለውንም ጻፉልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አርክቲክ ስታወሩ በረዶውንና ባሕሩን ታነሳላችሁ። አፈሩስ? በሰሜኑ የምድር ክፍል ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ በሚቆየው አፈርና አካባቢው 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን አለ። ከባቢ አየር ውስጥ ካለው እጥፍ ያህል ነው!

ሰሜን ስዊድን፣ አቢስኮ አጠገብ ስቶርዳለን የሚባል ረግረግ አለ። በረዶው እስካለ መሬቱ ከፍ ያለና ደረቅ ነው። ሲቀልጥ ይሰምጥና ውሃ ይተኛበታል። ኦክስጅን ሲጠፋ ሚቴን የሚባለውን ጋዝ የሚያመርቱ ረቂቅ ተሕዋስያን ቦታውን ይቆጣጠሩታል። በ2014 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች እዚያው ያገኙትን አንዱን ሜታኖፍሎረንስ ብለው ሰይመውታል፤ ሃይድሮጂንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ሚቴን ይሠራል። ሚቴን ደግሞ በ100 ዓመት ስሌት ክብደት ለክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ያሞቃል።

ሚቴኑን ከመውጣቱ በፊት የሚበሉ ባክቴሪያዎችም አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ረግረጉን የሚወርሰው ሣር መሰል ተክል ነው። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ጋዙ እንደ ቱቦ በእሱ በኩል ሽቅብ ያመልጣል፤ በላተኞቹ አያገኙትም።

እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ዘገባችሁ አንድ የአፈር ተመራማሪ አነጋግሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ