ያንን ፊልም በፎር ኬ ዲስክ ልቀይረው ወይ?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን አያት ሰፈር ወዳለው ሱቃችን ጎራ ስትሉ ደጋግማችሁ የምታነሱት ጥያቄ አለ፤ «የዘንዶና የሰይፍ ፊልሜን በብሉ ሬይ ይዤዋለሁ፣ ፎር ኬውን ላስመጣ ወይ?» ፎር ኬ ከብሉ ሬይ ቀጥሎ የመጣ፣ የበለጠ ዝርዝር ምስል የሚይዝ የፊልም ዲስክ ነው፤ የሚመጣው ከውጭ በመንገደኛ እጅ ነው፤ ዋጋው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የምናውቀውን ልንነግራችሁ ወደድን።

ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትግዙ። ብሉ ሬይ 1920 በ1080 ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ነው፣ ፎር ኬ 3840 በ2160፤ አራት እጥፍ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በፈረንጆቹ ከ2000 በኋላ የወጡ፣ አውሬውም ቤተ መንግሥቱም በኮምፒውተር የተሠራባቸው ብዙ ፊልሞች ስቱዲዮ ውስጥ ያለቁት 2048 ፒክስል ስፋት ባለው ምስል ነው። ዲስኩ ላይ የምታገኙት ያንኑ ተለጥጦ ነው። በ35 ሚሊ ሜትር የፊልም ጥቅል ተቀርጾ ኔጋቲቩ (ካሜራው ውስጥ የነበረው ዋናው ጥቅል) በፎር ኬ እንደገና ስካን የተደረገ ፊልም ግን ሌላ ነው፤ የካባው ክር፣ የጋሻው ጭረት ሳይቀር ይታያል።

የሳሎናችሁም ነገር አለ። ቲቪያችሁ 55 ኢንች ሆኖ ሶፋችሁ ከሁለት ሜትር በላይ ከራቀ የፒክስሉን ብዛት ዓይን እምብዛም አይለየውም።

እኛን የሚማርከን ፎር ኬ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ ይዞት የሚመጣው ኤችዲአር፣ ማለትም የሰፋው የብርሃንና የቀለም አያያዝ ነው። ሱቅ ውስጥ አንድ የዋሻ ትዕይንት በሁለቱም ዲስኮች ጎን ለጎን አጫውተን ነበር። በብሉ ሬዩ የችቦው ነበልባል አንድ ነጭ ጉብታ ሆኖ፣ ከጀርባው ያለው ዓለት ደግሞ በጨለማ ተውጦ ታየን። በፎር ኬው የእሳቱ ምላስ ለየብቻ ይንቀለቀላል፤ ጨለማው ውስጥም የዘንዶው ቅርፊት ያብለጨልጫል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ኤችዲአር ደማቁንም ጨለማውንም ሰፋ አድርጎ ይይዛል፣ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም የነበረው 256 ደረጃም 1024 ይሆናል። ይህ ሶፋው ቢርቅም አይጠፋም። እሳት፣ ጭስና ሌሊት ለሚበዛበት ፊልም ገንዘቡ ይገባዋል እንላለን፤ ቲቪያችሁ ግን ኤችዲአሩን በደንብ የሚያበራ መሆን አለበት። ካርቶኑ ላይ መጻፉ ብቻ አይበቃም።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ደንበኛችን ስለ ማጫወቻቸው ሳንጠይቅ ሸጥንላቸው። ቤታቸው ሄደን ስናይ ተራ ብሉ ሬይ ማጫወቻ ነበር፤ ዲስኩን ጭራሽ አላነበበም። ጥፋቱ የእኛ ነበርና ገንዘባቸውን መለስን። የጌም መጫወቻው ፕሌይስቴሽን 4 እንኳ ፎር ኬ ዲስክ አያነብም፤ የዲስክ ማስገቢያ ያለው 5 ግን ያነባል። አንድ መልካም ነገር፦ ተራ ብሉ ሬይ ከአሜሪካ ሲመጣ በክልል ኮድ (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ በሚወስነው ምልክት) ምክንያት እዚህ ማጫወቻ ላይ እምቢ ሊል ይችላል፣ ፎር ኬ ዲስክ ግን የክልል ኮድ ስለሌለው ከዱባይም ከአሜሪካም ቢመጣ ይሠራል።

ስታዝዙ የቲቪያችሁንና የማጫወቻችሁን ሞዴል በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አምጡልን። የፊልሙን ስም ስትነግሩን እንዴት እንደተቀረጸና በስንት ፒክስል እንደተጠናቀቀ አጣርተን፣ የማያዋጣ ከሆነ አይግዙ እንላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
የሱቁ ባልደረቦች፣ አያት