ጉዳዩ፦ ስለተሰነጠቁት የክሬሸር (የድንጋይ መፍጫ ማሽን) መዶሻዎች

ለመለዋወጫ ሽያጭና ዋስትና ክፍል

ለቅሬታችን የሰጣችሁት መልስ ደርሶናል። «ብረቱ በጣም ጠንካራ ነው፤ የተሰበረው ከልክ በላይ ትልቅ ድንጋይ ስለጨመራችሁ ነው» ይላል። ጥፋቱን ኦፕሬተራችን ላይ ማላከካችሁን አንቀበልም።

ጠንካራ መሆኑንማ ማን ካደ? ሞረድ እንኳ አይነካውም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ያዘዝነው የማንጋኒዝ ብረት ነበር። የመጣው ግን ክሮሚየም የበዛበት ካስት አይረን ነው፤ ጠንካራ ቢሆንም ተሰባሪ ብረት ነው። ማግኔት ስናስጠጋበት ጥብቅ አድርጎ ያዘው፤ የማንጋኒዝ ብረትን ደግሞ ማግኔት አይዘውም።

የላካችሁት ብረት አሸዋ ለሚፈትገው ቦታ ግሩም ነው። ከባድ ድንጋይ ሲመታ ግን አይለጠጥም። የምቱ ጉልበት ደካማ ቦታ ፈልጎ እዚያ ስንጥቅ ይጀምራል። ቀጣዩ ምት ጥቂት ያራዝመዋል፣ የሚከተለውም እንዲሁ። በመጨረሻ የተረፈው ብረት ስለሚሳሳ ተራ ድንጋይ ይገነጥለዋል። ስለዚህ የመጨረሻውን ድንጋይ መክሰስ አያዋጣም።

የስብራቱን ፎቶ አያይዘናል፤ እባካችሁ አጉልታችሁ እዩት። መዶሻው ከሚንጠለጠልበት ፒን ቀዳዳ አጠገብ ብረቱ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ የቀረች ትንሽ የአየር ቀዳዳ አለች። ዙሪያዋን ጠቆር ያለ ግማሽ ክብ ይታያል፤ ዝገት ገብቶበታል። ቀሪው የስብራት ገጽ ግን ነጭና የሚያብለጨልጭ ነው። ዝገት በአንድ ምት አይፈጠርም። ስንጥቁ መዶሻው ሥራ ላይ እያለ ሲያድግ ቆይቷል ማለት ነው።

የማንጋኒዝ ብረት አዲስ ነገር አይደለም፤ እንግሊዛዊው የብረት ባለሙያ ሮበርት ሃድፊልድ የሠራው በ1882 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ እያለ ጥንካሬው በብሪኔል (የብረት ጥንካሬ መለኪያ) 200 አካባቢ ነው። ድንጋይ ሲመታው ገጹ እየጠነከረ እስከ 500 ገደማ ይደርሳል። ውስጡ ግን ምት መቻሉን አይተውም። ያዘዝነውም ለዚሁ ነበር።

ወኪላችሁ «ይበየድ» ማለቱን ለትህትና ብለን እንለፈው። እናንተ የላካችሁት ዓይነት ብረት ሲበየድ በሙቀቱ ብቻ ሌላ ስንጥቅ ያወጣል።

የምንጠይቀው ይህን ነው። ያልተሰበሩትንም ጨምሮ መዶሻዎቹን በሙሉ መልሳችሁ ውሰዱ። በምትካቸው የማንጋኒዙን ላኩ፤ የብረቱ ይዘት የተመረመረበት ወረቀት አብሮ ይምጣ። ስብርባሪው የጎዳውን የክሬሸሩን የውስጥ ልባስም ተኩልን። ዋስትናውን አሁንም የምትከለክሉ ከሆነ፣ የስብራቱን ገጽ ያየ ባለሙያችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጠን። የተሰበሩትን አልጣልናቸውም፤ መጥቶ ማየት ይችላል።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍል ኃላፊ