እማዬ፣ የሚጡን ሰርግ ሁለት ሳምንት አቆዩልኝ

ጥቅምት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.
ግሎስተርሸር፣ እንግሊዝ አገር

እማዬ እንዴት ነሽልኝ፣ አባባስ ወገባቸው ተሻላቸው ወይ፣ ጋሼ ከነልጆቹ፣ ሚጡዬ፣ ጎረቤቶቻችንም ጭምር ሁላችሁም እንዴት ናችሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም። በስልክ ላወራሽ ነበር ግን ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ኔትወርኩ ይቆረጣል፣ ደሞ ይሄ በቁርጥራጭ የሚወራ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ጽፌ በቴሌግራም ለሚጡ ልኬዋለሁ፣ እሷ ከቡና በኋላ ቁጭ ብላ ታንብብልሽ። ሚጡዬ ሳትዘይ ሁሉንም አንብቢላት እሺ፣ ያንቺም ጉዳይ አለበት።

ዋናውን ላስቀድም። ሰርጉን ጥር 16 ቅዳሜ ብላችሁ ቀን እንደቆረጣችሁ ጋሼ ነግሮኛል፣ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ፣ ግን እማዬ በማርያም ወደ ጥር 30 ግፉልኝ። ያም ቅዳሜ ነው። መልሱ እሁድ የካቲት 1 ይሆናል፣ ዓቢይ ጾም የሚገባው ደግሞ ሰኞ የካቲት 9 ስለሆነ ጾሙ ሳይደርስ ያልቃል፣ ቅበላውንም አብረን እንቀበላለን። ሁሌ "ቤት ለሚያጸዳ ሰው እንዴት ፈቃድ ይከለከላል" ስለምትይኝ ዛሬ የዚህን ቤት ሥራ ከነወቅቱ ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

መጀመሪያ ነገር ቤቱ አንቺ እንደምታስቢው አንድ ቤት አይደለም። ኮትስወልድስ የሚባለው አገር ነው፣ ድንጋዩ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ትልቁ ቤት መሃል ላይ ሆኖ ዙሪያውን የፈረስ ጋጣው፣ አትክልቱ፣ የሠራተኛ ቤቶቹ፣ እርሻው፣ ጫካው፣ ሐይቁ ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ነው፣ ይሄን ሁሉ አንድ ላይ እስቴት ይሉታል። እኔ ሀውስኪፐር ነኝ፣ ቁልፉ በሙሉ እኔ ጋ ነው፣ ከመንደሩ ቀን ቀን እየመጡ የሚያግዙኝ ሁለት ሴቶች አሉ፣ አትክልተኛው አለ፣ ለአደን የሚሆነውን ወፍ የሚያሳድገው ጌምኪፐር አለ፣ እንግዳ ሲበዛ ሼፍ ይመጣል። የምተኛው ድሮ ሠረገላ ይቆምበት የነበረው ቤት ፎቅ ላይ ነው፣ የራሴ በር፣ የራሴ ሻወር አለኝ፣ ስለ መኝታዬ አታስቢ።

እኛ አደይ አበባ ቆርጠን "መስከረም ጠባ" ስንል እዚህ ብርሃኑ መሸሽ ይጀምራል። ያኔ ነው የኔ ሥራ የሚበዛው። የጭስ ማውጫ የሚጠርገው ሰውዬ መጥቶ ሳይጠርግ እሳት አይነድም፣ የበጋው መጋረጃ ወርዶ ወፍራሙ ይሰቀላል፣ የሱፉ ልብስና ብርድ ልብሱ ብል እንዳይበላው አንድ በአንድ ወጥቶ ይራገፋል፣ ራዲያተሩ ውስጥ የገባው አየር ይወጣል፣ ፖሙ ተለቅሞ እርስ በርሱ እንዳይነካካ በጋዜጣ እየተጠቀለለ ቀዝቃዛ ክፍል ይደረደራል፣ አንዱ ከበሰበሰ ሌላውን ስለሚያበላሽ በየሳምንቱ እየገለጥኩ አያለሁ። ቅጠሉ ደሞ አያልቅም፣ አሸንዳውን እየዘጋ ውሃው ግድግዳ ላይ ይወርዳል፣ አትክልተኛው መሰላል ላይ ነው የሚውለው። ግን እማ ቅጠሉ ሳይረግፍ ብታዪው! ጫካው በሙሉ ቀይና ወርቅማ ይሆናል፣ ጠዋት ጉም ሲገለጥ መስኮት ከፍቼ ዝም ብዬ አያለሁ፣ ፈጣሪን የማመሰግነው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ፈቃዱ ልምጣ። ፌዛንት የሚባል የዱር ወፍ አለ፣ ከዶሮ ትንሽ የሚያንስ፣ ጭራው ረጅም፣ ወንዱ አንገቱ አረንጓዴ ሆኖ ዓይኑ ዙሪያውን ቀይ ነው። ጌምኪፐሩ ጫጩቱን ክረምቱን አሳድጎ ጫካ ይለቀዋል፣ ከዛ ከኦክቶበር 1 እስከ ፌብሩዋሪ 1 ድረስ ማደን በሕግ ይፈቀዳል፣ ከዛ ውጪ አይነካም። እሁድና የገና ዕለትም በሕግ ክልክል ነው። የዘንድሮው ፌብሩዋሪ 1 እሁድ ላይ ስለዋለ የመጨረሻው አደን ቅዳሜ ጥር 23 ነው ማለት ነው። የናንተ ጥር 16 ደሞ ከሁሉም በላይ እንግዳ የሚበዛበት ሳምንት መጨረሻ ነው፣ ያን ቀን እኔ ከሌለሁ ቤቱን የሚያውቀው ሰው የለም፣ ጠይቄም ነበር፣ ማዳሟ በትህትና "ከፌብሩዋሪ በኋላ የፈለግሽውን ያህል" አለችኝ፣ እሷም እውነት አላት።

የአደን ቀን እንዲህ ነው። እንግዶቹ ዋዜማውን ማታ ይገባሉ፣ ተኳሾቹ ብዙ ጊዜ ስምንት ወይ ዘጠኝ ናቸው፣ ከነሚስቶቻቸውና ከነውሾቻቸው። እኔ ሌሊት 11 ሰዓት እነሳለሁ። የምድጃውን አመድ አልጨርሰውም፣ ትንሽ ትቼ ነው እንጨቱን የምረበርበው፣ እንጨት አመድ ላይ ሲሆን ነው በደንብ የሚነደው፣ ይሄን ማንም ሳያስተምረኝ ካንቺ ምድጃ ነው ያወቅኩት እማዬ፣ ጌምኪፐሩ ሲያየኝ "ማን አሳየሽ" ብሎ ጠይቆኛል፣ እናቴ አልኩት። ቁርሳቸውን በልተው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይወጣሉ። ከመንደሩ ሰዎች ተቀጥረው ባንዲራና ዱላ ይዘው ጫካውን እየመቱ ወፉን ወደ ተኳሾቹ ያስነሳሉ፣ ውሾቹ የወደቀውን ያመጣሉ። እረፋድ ላይ ትኩስ ሾርባና ቋሊማ ሜዳ ድረስ እንልካለን፣ እነሱ ሜዳ ሲሆኑ እኛ ሁሉንም አልጋ እናነጥፋለን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ፎጣውን፣ የማታውን ጠረጴዛ እናሰናዳለን፣ የብር ዕቃውን እንወለውላለን። ሲመሽ ሁሉም በጭቃ ተለውሶ ይገባል። የጫማ ክፍል ለብቻው አለ፣ ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ወትፈሽ ከእሳት አርቀሽ ነው የምታደርቂው፣ እሳት አጠገብ ካስጠጋሽው ቆዳው ይሰነጠቃል። ከዛ ሻይ፣ ከዛ እራት፣ እኔ ጎኔን ሳሳርፍ ሌሊቱ ተጋምሷል።

ወፉን ትበያለሽ ወይ እንዳትይኝ፣ አልበላም። በጥይት የወደቀ እንጂ በስመ አብ ብሎ የባረከው የለም፣ ሲሰጡኝ አመስግኜ ለመንደሩ ሴቶች አሳልፋለሁ፣ እነሱም ስለሚያውቁ አይቀየሙኝም። አሁን ደሞ ጽጌን ይዣለሁ እስከ ኅዳር 5። አጋ የሚሉት ቀን ከሌሊት የማይጠፋ ትልቅ የብረት ምድጃ ወጥ ቤት ውስጥ አለ፣ ሊጤን ከጎኑ አድርጌ በደንብ ኩፍ ይልልኛል፣ ጤፉን ለንደን ስሄድ እገዛለሁ፣ ሽሮው ያንቺው ነው። አንድ ቀን ማዳሟ ሽታው ጠርቷት ወጥ ቤት ገባች፣ በሽሮ አበላኋት፣ አሁን በየሳምንቱ ትጠይቀኛለች።

ብርዱን በተመለከተ፣ አባባ "ከደብረ ብርሃን ይብሳል?" ብለው ነበር። አባባ የኛ ብርድ ማታና ንጋት ላይ ውርጩ ያንዘፈዝፋል እንጂ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታ ታባርረዋለች። የዚህ እርጥብ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ልብስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በዛ ላይ ጨለማው። ጥቅምት 16 እሁድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሰዋል፣ አሁን አስር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች። ከእናንተ ጋር ያለን ልዩነትም ሁለት ሰዓት የነበረው ሦስት ሆኗልና ማታ ስትደውሉልኝ ይሄን አስቡ። ያንን የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ብርድ ልብስ እስካሁን እለብሰዋለሁ፣ እዚህ ቤት ስንት ዓይነት ብርድ ልብስ እያለ እኔን የሚያሞቀኝ እሱ ነው።

ዛሬ እሁድ እረፍቴ ነው። ለንደን ቅድስት ማርያም ልሄድ አስቤ ባቡሩ አልተመቸኝም፣ ስለዚህ መንደሩ ውስጥ ለወታደሮች መታሰቢያ ከሚደረገው ሥነ ሥርዓት ላይ ቆምኩ። ሁሉም ደረቱ ላይ ቀይ የወረቀት አበባ ያደርጋል፣ ጠዋት 5 ሰዓት ሲሆን ሁለት ደቂቃ ጸጥ ይላሉ። የድንጋይ መስቀል ላይ በፈረንጅ ከ1914 እስከ 1918 የሞቱት ልጆች ስም ተጽፏል፣ ትንሽ መንደር ሆና ስሙ ብዙ ነው፣ አንዳንዱ የአባት ስሙ አንድ ነው፣ ወንድማማቾች መሆናቸው ነው፣ እናታቸውን አሰብኩና አንጀቴ ተላወሰ። ያ ጦርነት ያበቃው በኛ ኅዳር 2 ቀን 1911 ነው፣ ልክ በዛው ወር እኮ ነው እኛ አገር የኅዳር በሽታ ሰው የፈጀው። እናንተ ኅዳር 12 ቆሻሻ ስታቃጥሉ ከዛ የመጣ ነው አይደል የምትይን። እዚህም ባለፈው ረቡዕ ኖቬምበር 5 ትልቅ እሳት አንድደዋል፣ በ1605 ንጉሡንና ፓርላማውን በባሩድ ሊያፈነዱ ያሰቡ ሰዎች የተያዙበት ቀን ነው። እሳቱን ሳይ ደመራ ትዝ አለኝ፣ ግን ማንም እዮሃ አይልም፣ ርችት ተኩሰው ወደየቤታቸው ይገባሉ። ጃንሆይ በስደት በፈረንጅ ከ1936 ጀምሮ የኖሩባት ባዝ ከተማ ከኛ ሩቅ አይደለችም፣ ፌርፊልድ የሚባለውን ቤታቸውን ኋላ በፈረንጅ 1958 ለከተማው ሰጥተውታል፣ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ በዚህ ጨለማ አገራቸውን እያሰቡ እንዴት እንደከረሙ ሳስብ አዘንኩላቸው።

ስለ አክስቴ ልጅ ደሞ በደንብ ስሚኝ። ደላላው እንግሊዝ አገር ለቤት ሠራተኛ ቪዛ አወጣልሻለሁ ካላት ብሯን እንዳትሰጠው። የቤት ሠራተኛ ቪዛ የሚሰጠው ቢያንስ አንድ ዓመት ያገለገልሽው አሠሪ ወደዚህ ሲመጣ ይዞሽ ከመጣ ነው፣ ያውም ለ6 ወር ብቻ፣ አይታደስም። በ6 ወሯ ውስጥ አሠሪ መቀየር ትችላለች ግን ጊዜው አይጨመርላትም። እኔ ከዱባይ ከአሠሪዎቼ ጋር የመጣሁት ሕጉ በ2012 ኤፕሪል ሳይጠብቅ በፊት ስለሆነ ነው ቀይሬ፣ ዓመቱን ቆጥሬ ወረቀት ያገኘሁት። ያኔ ፓስፖርቴን ሻንጣቸው ውስጥ ቆልፈውበት ነበር፣ ወጥ ቤት ወለል ላይ ነበር የምተኛው፣ ይሄን እስካሁን አልነገርኩሽም እንዳታዝኚ ብዬ። አሁን የምነግርሽ ልጅቷ እንድትሰማው ነው፣ የትም ብትሄድ ፓስፖርቷ ከጇ አይውጣ።

የኔ ኑሮ አሁን ሌላ ነው። እዚህም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሰው ቤት የሚኖር ሠራተኛ "እንደ ቤተሰብ ነው" ተብሎ ከዝቅተኛው ደመወዝ ሕግ ውጪ ማድረግ ይቻል ነበር፣ ከ2024 ኤፕሪል ጀምሮ ያ ቀርቷል። በ2025 ኤፕሪል ዝቅተኛው በሰዓት 12.21 ፓውንድ ሆነ፣ ለመኝታ ሊቀንሱብሽ የሚችሉትም ያኔ በቀን ከ10.66 ፓውንድ እንዳያልፍ ተደረገ። ሰዓቴ ይጻፋል፣ የዓመት ፈቃድ በሕግ አለኝ፣ ሙሉ ሳምንት ለሚሠራ 28 ቀን ነው፣ ያጠራቀምኩትን ይዤ ነው የምመጣው። እና ሁለት ሳምንት ጠብቁኝ የምለው ደስታው እንዲያምርልኝ ብቻ አይደለም፣ ሥራዬን በክብር ዘግቼ፣ ተመልሼ የምገባበት ቤት ይዤ እንድመጣ ነው። የጋሼን ሰርግ በቪዲዮ ነው ያየሁት፣ ስልኩን የያዘው ልጅ ሲጨፍር ጣሪያውን ነበር የማየው። የሚጡን እጄን ጭኜ መመረቅ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ጋሼ ነገ ለአማቾቻችን ሽማግሌ ይላክና ይጠየቁ፣ እኔ እንደለመንኩ ንገሯቸው፣ የንስሐ አባታችንንም አማክሯቸው። ድንኳኑ ቀብድ ተከፍሎበት ከሆነ ልዩነቱን እኔ እችላለሁ። መልሱን እስከ ኅዳር 12 አሳውቁኝ፣ ትኬቱ ከዛ በኋላ ይወደዳል። ሚጡዬ የጫማ ቁጥርሽንና የወገብሽን ልክ ላኪልኝ፣ የሙሽራውንም የሸሚዝ ቁጥር። አባባ የወገብ መድኃኒትዎን ማሸጊያ ፎቶ አስነሥተው ይላኩልኝ፣ እዚህ ፋርማሲ አሳያለሁ። እማዬ አንቺ ምን እንደምትፈልጊ አውቃለሁ፣ "አንቺን ብቻ" ትያለሽ፣ ግን የምትለብሺውን ሹራብ ቀለም ምረጪ፣ እኔ የመረጥኩትን አትለብሺውም።

የምትወድሽ ልጅሽ