የሆሳዕና ጠዋት 1 ሰዓት

የኔ ዓለም፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለፋሲካ እመጣለሁ ካልሽ ወዲህ እናትሽ ደስታዋን አልቻለችውም። በርበሬው ከአሁኑ ተቀንጥሶ ጓሮ ተሰጥቷል።

በስልክ አንስቼው የማላውቀውን ነገር ዛሬ ልጻፍልሽ። ያኔ ስትመጪ ቦሌ 6 ሰዓት ሙሉ ያስጠበቅኩሽ እኔ ነኝ። የላክሽልኝ ትኬት ላይ የመድረሻው ሰዓት 07:00 ይላል። እኔ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው ብዬ ተረጋግቼ መጣሁ። ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሯል፤ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ስደርስ መውጫው በር አጠገብ ሻንጣሽ ላይ ተቀምጠሻል። የአሜሪካ ስልክሽ እዚህ አይሠራ፣ የምታውቂው ሰው የለ። ሹራብሽን ጉልበትሽ ላይ አጥፈሽ በሩን በሩን ታያለሽ። «ምንም አይደል አባዬ» አልሽኝ። ዓይንሽ ግን ቀልቶ ነበር። እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። ይቅር በይኝ ልጄ።

ዘንድሮ ሁሉንም ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ። ጂኦግራፊ ሳስተምርበት የነበረውን ሉል አውርጄ አቧራውን ጠረግኩና ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፣ አንቺ እስከምትነሺበት ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ክር ወጠርኩበት። ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ በማስመሪያ ቢሰመር በማሊና በሞሪታኒያ ያልፋል። ክሩ ግን ወደ ሰሜን ቀና ብሎ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አድርጎ፣ ስፔንንና ፖርቹጋልን አቋርጦ አትላንቲክ ገባ። ምድር ክብ ናትና አጭሩ መንገድ ይሄኛው ነው። ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱን 38 ጊዜ እንደ መሄድ ቁጠሪው።

«ወደ አሜሪካ ስሄድ አውሮፕላኑ መሃል ላይ ያርፋል፣ ስመጣ ግን አያርፍም፤ ለምንድነው?» ብለሽኝ ነበር። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ክንፉም ሞተሩም የሚያገኙት አየር ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውና ሻንጣ ጭኖ፣ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ቀለል ብሎ ይነሳና መንገድ ላይ ነዳጅ ይቀዳል። ደለስ ግን ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ ከዚያ ሞልቶ ይነሳል። ወደዚህ ስትመጪ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል።

ስትመጪ እንግዲህ በረራው 13 ሰዓት ገደማ ነው። በፋሲካ ሰሞን የእኛ ሰዓት ከእናንተ በ7 ይቀድማል። ድምሩ 20። ቅዳሜ ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ በእናንተ 11:00 ከተነሳሽ፣ እሑድ ጠዋት 1 ሰዓት ቦሌ ነሽ። የሆሳዕና ዕለት መሆኑ ነው።

እኔ ቅዳሜ በሌሊቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ እወጣለሁ። ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱና አቀበቱ ጊዜ ይበላል፤ እሑድ ዕለቱን ተነሥቼ በሰዓቱ ለመድረስ ደግሞ አልተማመንም። አዲስ አበባ አክስትሽ ቤት አድሬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ታክሲ እይዛለሁ።

ትኬቱን እንደቆረጥሽ ሰዓቱን በእኛም በእነሱም አቆጣጠር ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ከሂሳቤ ጋር አስተያየዋለሁ። ጋቢ ይዤ እመጣለሁ፤ ቦሌ በማለዳ ይበርዳል። እዚያው መውጫው በር ላይ ነኝ።

አባትሽ
ከደብረ ማርቆስ