ግልጽ ደብዳቤ ለሜሪላንድ የሞተር ተሽከርካሪ አስተዳደር፦ ማስጠንቀቂያው በሚገባን ቋንቋ ይነበብልን

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው የሚኖር ሐበሻ ከመንግሥት የመጣለት ወረቀት ሲከብደው እንግሊዝኛ ይሻለዋል ወደሚለው ሰው ይዞ ይሄዳል። እኔም ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ነኝ። ከሚመጡልኝ ወረቀቶች ሁሉ የሚያስጨንቀኝ፣ ጠጥቶ በማሽከርከር ተጠርጥሮ ለተያዘ ሰው መብቱንና የሚጠብቀውን ቅጣት ለማስጠንቀቅ የሚነበበው ዲ አር 15 የተባለው ቅጽ ነው።

ጠጥቶ መሪ ለጨበጠ ሰው ጥብቅና ልቆም አልተነሣሁም። የሞንትጎመሪ ካውንቲው ፖሊስ ኖዋ ሊዮታ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ጠጥተው የሚነዱትን ሊቆጣጠር በወጣበት ጎዳና ላይ ጠጥቶ በሚነዳ ሰው ተገጭቶ ሞቷል። በ2016 በስሙ የወጣው ሕግ ቅጣቱን አጥብቋል፤ ይላላ የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። እኔን የሚያሳስበኝ ከቅጣቱ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው።

ሕጉን እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ይህን ለሚያነቡ ወገኖቼ ስል ልድገመው። በሜሪላንድ መንገድ መኪና የሚነዳ ሁሉ፣ በስካር ቢጠረጠር ለትንፋሽ ወይም ለደም ምርመራ አስቀድሞ እንደተስማማ ይቆጠራል። ተይዞ ምርመራውን እምቢ ያለ ሰው መንጃ ፈቃዱ ለመጀመሪያ ጊዜ 270 ቀን፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሁለት ዓመት ይታገዳል። ተመርምሮ የአልኮል መጠኑ 0.08 ቢሆን ግን የመጀመሪያው እገዳ 180 ቀን ነው። የወንጀል ክሱ በፍርድ ቤት ውድቅ ቢሆን እንኳ የእምቢታው እገዳ ራሱን ችሎ ይሄዳል።

አንድ የታክሲ አሽከርካሪ፣ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ነፍቼላቸዋለሁ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መንገድ ዳር፣ በእጅ በምትያዘው ትንሽ የትንፋሽ መለኪያ ነፍቷል። የሚገርመው፣ እርሷን እምቢ ቢል ኖሮ አይቀጣም ነበር። መንጃ ፈቃድ የሚያሳጣው ጣቢያ ያለውን ምርመራ እምቢ ማለት ነው፤ እርሱ ደግሞ እዚያ ሲደርስ «አንዴ ጨርሻለሁ» ብሎ አሻፈረኝ አለ። የመጀመሪያው ከሁለተኛው እንደማያድነው በእንግሊዝኛ ተነግሮታል፤ ቅጹም ተነብቦለታል፤ ከግርጌው ፊርማው አለ። «ገባህ ወይ ሲሉህ ምን አልካቸው?» አልኩት። «አዎ አልኳቸው፤ ምን ልበል?» አለኝ። መለዮ ለባሽ ሲጠይቅ ራስን ነቅንቆ አዎ ማለት እኛ ዘንድ ትሕትና ነው። የቅጹ ላይ ምልክት ግን ትሕትናን ከመረዳት አይለይም።

ከዚያ በኋላ ያለው ይብሳል። መንጃ ፈቃዱን ወስደው የሰጡት ወረቀት ለ45 ቀን እንደ ጊዜያዊ ፈቃድ ስለሚያገለግል፣ ምንም አልሆንኩም ብሎ እየነዳ የፍርድ ቤት ቀጠሮውን ይጠብቅ ነበር። እገዳው ከመጀመሩ በፊት ጉዳዩ በዳኛ ፊት እንዲሰማለት በ10 ቀን ውስጥ ማመልከትና 150 ዶላር መክፈል እንደነበረበት፣ እስከ 30 ቀን ደግሞ መሰማቱን ትቶ ትንፋሽ ለክቶ ሞተር የሚያስነሣውን መሣሪያ ለአንድ ዓመት ማስገጠም መምረጥ ይችል እንደነበር የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱም ቀኖች ካለፉ በኋላ።

የስቴቱ ሕግ ራሱ፣ እገዳውን የሚያየው ዳኛ አሽከርካሪው ስለሚደርስበት ቅጣት በሚገባ ተነግሮት እንደሆነ እንዲያጣራ ያዝዛል። ባልገባው ቋንቋ የተነበበለት ሰው «በሚገባ ተነግሮታል» የሚባለው እንዴት ነው? የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ይህንኑ ተጠይቆ፣ ስፓኒሽ ብቻ ለሚያውቅ ሰው በእንግሊዝኛ ማንበብ ማሳወቅ አይደለም ብሎ ፈርዷል። ሰውየው ጠጥቶ በማሽከርከሩ የተላለፈበት ውሳኔ ግን ጸንቶበታል፤ የተነሣለት የእምቢታው ቅጣት ብቻ ነው። ከዚህ የበለጠ ሚዛናዊ ፍርድ አላውቅም።

በ2002 የወጣው የሜሪላንድ የቋንቋ ሕግ ዋና ዋና ሰነዶች እንዲተረጎሙ የሚያስገድደው፣ ቋንቋውን የሚናገሩና እንግሊዝኛ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ከአካባቢው ሕዝብ 3 በመቶ ሲደርሱ ነው። በዚህ ስሌት አንደርስም ትሉ ይሆናል። ሕጉ ግን ያስገድዳል እንጂ ከዚያ በታች መተርጎምን አይከለክልም።

ስለዚህ ዲ አር 15 በአማርኛ ታትሞ በየፖሊስ ጣቢያው እንዲቀመጥ፣ ማንበብ ለሚያስቸግራቸው ደግሞ በድምፅ ተቀድቶ እንዲሰማ እጠይቃለሁ። የመንገድ ዳሩና የጣቢያው ምርመራ የተለያዩ መሆናቸው፣ 10ሩና 30ው ቀንም በወረቀቱ ራስጌ በጉልህ ይጻፉ። ይህ የሚጠቅመው አሽከርካሪውን ብቻ አይደለም። የገባው ሰው ሊነፋ ይችላል፤ ያኔ ዐቃቤ ሕግም በእጁ የምርመራው ቁጥር ይኖረዋል። ሳይገባው እምቢ ያለ ሰው ለራሱ 90 ቀን ሲጨምር፣ መንግሥትን ማስረጃ ያሳጣዋል።

ትርጉሙ በኮምፒውተር ተሠርቶ እንዳይወጣ አደራ እላለሁ፤ የምስክር ወረቀት ያላቸው የፍርድ ቤት አስተርጓሚዎች ሳያዩት አይታተም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ